ፊቱ እነሆ፤ ሰውዬው ግን ማን ነበር?

በመዳፍ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ሥዕል ናት። በስስ ብራና ላይ በውኃ ቀለም ተሥላለች፤ ቅርጿ ሞላላ ነው። በውስጧ አንድ ጥቁር ወጣት አለ። የ17ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ መኳንንት እንደሚለብሱት ጥቁር ልብስ ለብሷል፤ በትከሻው ላይ ሰፊ ነጭ የዳንቴል አንገትጌ ተዘርግቷል። ለረጅም ዘመን በግል እጅ ስትኖር የሚያውቃት ጥቂት ሰው ብቻ ነበር። በለንደኑ የሥዕል ነጋዴ በፊሊፕ ሞልድ በኩል ዳግመኛ ወደ አደባባይ ወጣች፤ በ2021 ደግሞ በአሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የኦበርሊን ኮሌጅ አለን የሥነ ጥበብ ሙዚየም የራሱ አደረጋት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሥዕሏ ጀርባ ከፊቷ ያላነሰ ይናገራል። የሠዓሊዋ ስም ጆቫና ጋርዞኒ እንደሆነና ዘመኑ 1635 እንደሆነ ተጽፏል። ስሟ የሰፈረው ግን በላቲን ፊደል ብቻ አይደለም፤ በእኛው ሀ ሁ ጭምር ነው። በ1635 አንዲት ጣሊያናዊት ሠዓሊ ስሟን በግዕዝ ፊደል ማስፈሯ በምንም መንገድ ተራ ነገር አይደለም። ፊደሉን ያሳያት ሰው በአጠገቧ ነበር ማለት ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ለመሣል ፊቷ የተቀመጠው ወጣት ሳይሆን አይቀርም።

ዘመኑ፣ ሠዓሊዋ ትሠራበት የነበረው ከተማ ቶሪኖና ፊደሉ ሲደመሩ የሚያመለክቱት ወደ አንድ ሰው ነው። አውሮፓውያን «ዛጋ ክሪስት» ብለው የጻፉት፣ በእኛ አጠራር ጸጋ ክርስቶስ። እሱ ራሱ የኢትዮጵያ ንጉሥ የዐፄ ያዕቆብ ልጅ ነኝ ይል ነበር።

ስለዚህ በሥዕሏ ላይ ያለው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ግማሽ መልስ ተገኝቷል። የቀረው ግማሽ ግን ወደ አራት መቶ ለሚጠጉ ዓመታት ሰው ሲያከራክር ኖሯል። ጸጋ ክርስቶስ በእውነት ማን ነበር?

ወጣቱ የተረከው ታሪክ እንዲህ ነው። አባቱ ዐፄ ያዕቆብ በዙፋን ተቀናቃኙ በሱስንዮስ ተሸንፎ ሲሞት፣ እሱ ነፍሱን ለማትረፍ ከአገር ወጣ። ወደ ስናር ንጉሥ ዘንድ ሄደ፤ ከዚያም በረሃ አቋርጦ በ1632 ካይሮ ደረሰ። በኢየሩሳሌምና በናዝሬት ከፍራንሲስካን መነኮሳት ጋር ተዋወቀ፤ ካቶሊክም ሆነ። ከመነኮሳቱ አንዱ ወደ ሮም ወሰደው። በሮም ከሊቀ ጳጳሳቱ ከኡርባኖስ 8ኛ አስተዳደር መስተንግዶ አግኝቶ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ። ካተሪና ማሲሚ ለተባለች መነኩሲት የፍቅር ደብዳቤዎችን የጻፈውም በዚያን ጊዜ ነው። ስለ ሰውዬው የግል ስሜት ከማንም ወሬ ይልቅ የሚናገሩት እነዚህ ደብዳቤዎች ናቸው፤ በዚያ ዘመን የኖረ አፍሪካዊ በአውሮፓ ምድር ፍቅሩን በገዛ ብዕሩ ገልጾ ጽሑፉ እኛ ዘንድ መድረሱ ብርቅ ነገር ነው።

ሮም ለምን በሩን እንደከፈተችለት ለመረዳት በኢትዮጵያ በኩል የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብሎ ነበር፤ አገሪቱ ግን በደም ታጠበች። በ1632 ንጉሡ ሕዝቡ ወደ ቀደመው እምነት እንዲመለስ ፈቅዶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ፋሲለደስም ብዙ ሳይቆይ ኢየሱሳውያኑን አስወጣ። የሮም ሰዎች ተስፋቸው እየተሟጠጠ ባለበት በዚያው ጊዜ ካቶሊክ የሆነ፣ የዙፋን ወራሽ ነኝ የሚል፣ ወደ አገሩ ሚስዮናውያን ይዞ ሊመለስ የሚችል ወጣት በራፋቸው ላይ ቆመ። እውነት እንዲሆን ምን ያህል እንደተመኙ መገመት አያስቸግርም። ወደ አገሩ የመመለሱ ዕቅድ ግን ተጓተተ፤ እሱም መንገዱን ወደ ሰሜን አደረገ።

በ1634 መጨረሻ አካባቢ ቶሪኖ ገባ። በቶሪኖ የሳቮይ መሳፍንት ነበሩ፤ የመስፍኑ ሚስት ክሪስቲና የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 13ኛ እኅት ናት። ለዚህ ቤተ መንግሥት ከሚሠሩት ሠዓልያን አንዷ ጆቫና ጋርዞኒ ነበረች። በ1600 የተወለደችው ጋርዞኒ ዛሬ በብዛት የምትታወቀው በፍራፍሬ፣ በአትክልትና በአበባ ሥዕሎቿ ነው። የኮክ ቆዳ ላይ ያለውን ጸጉር፣ የባቄላ ቆባ ላይ ያለውን ነጠብጣብ ሳይቀር በነጥብ በነጥብ እየሠራች ታወጣለች። ያ ትዕግሥቷ በወጣቱ ፊት ላይም ይታያል። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሥዕል ውስጥ ጥቁር ሰው የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ጃንጥላ ያዥ፣ አሽከር፣ ወይም ከሰብአ ሰገል አንዱ ሆኖ ነው፤ የራሱ ፊት ሳይሆን ለማስዋቢያ የተጨመረ። ጋርዞኒ የሣለችው ግን አንድን ሰው ነው፤ እንደ ማንኛውም የቤተ መንግሥት እንግዳ አክብራ። በአውሮፓ ከተሠሩት እንዲህ ያሉ የኪስ ሥዕሎች ውስጥ ጥቁር ሰውን በማሳየት ከሚታወቁት ቀደምቶች አንዷ ይህች ናት።

ከቶሪኖ ወደ ፓሪስ አለፈ። በዚያም የብርቱው ካርዲናል የሪሽልዮ ድጋፍ ደረሰው። ከአንድ ባለሥልጣን ሚስት ጋር ፍቅር ይዞት አብረው ሊሰወሩ ሲሞክሩ ተያዙ፤ ጉዳዩም የከተማው ወሬ ሆነ። በ1638 ጸደይ ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው በሩዌይ ታሞ ሞተ። በዚያው ተቀበረ። ከሠላሳ ዓመት ያልዘለለ ወጣት ነበር።

ጥርጣሬው የሚጀምረው ከዚህ ቁጥር ነው።

ዐፄ ያዕቆብ የሠርፀ ድንግል ልጅ ነው። አባቱ በ1597 ሲሞት እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ በልጅነቱ ነገሠ፣ ተሻረ፣ ተመለሰ። በመጋቢት 1607 በጎጃም ጎል በተባለ ቦታ ከሱስንዮስ ጋር ተዋግቶ ወደቀ። በሞተበት ቀን ዕድሜው 17 ገደማ መሆኑ ነው። እንዲህ ከሆነ ልጁ በ1638 ቢያንስ የሠላሳ ዓመት ሰው መሆን ነበረበት። የአውሮፓ ሰዎች ግን የሚያወሩት በሃያዎቹ ዕድሜ ስላለ ወጣት ነው፤ የብዙዎቹ ግምት ልደቱን አባቱ ከሞተ ከዓመታት በኋላ ያደርገዋል። ሒሳቡ አይገጥምም።

በዚህ ላይ በያዕቆብ ስም መነሣት አዲስ ነገር አልነበረም። ጎል ላይ የንጉሡ አስከሬን አልተገኘም የሚል ወሬ ነበርና በ1608 ገደማ በደብረ ቢዘን ገዳም አካባቢ አንድ ሰው «ያዕቆብ እኔ ነኝ፤ አልሞትኩም» ብሎ ተነሣ። ፊቱን በከፊል ይሸፍን ነበር። በጦርነቱ ፊቴና ጥርሴ ክፉኛ ስለቆሰለ ነው ይል ነበር። ተከታይም አላጣም፤ ሱስንዮስ እሱን ለመደምሰስ ጦር አዝምቷል። በአንድ ንጉሥ ስም በአገር ቤት ፊቱን የሸፈነ ተነሣ፤ ከዓመታት በኋላ በባሕር ማዶ ፊቱን ለሠዓሊ የሰጠ ተገኘ። ከአንድ ቤተ መንግሥት ውድቀት ሁለት ጠያቂዎች ወጡ ማለት ነው። ፎቶግራፍ በሌለበት፣ ደብዳቤ ከኢትዮጵያ ሮም ለመድረስ ዓመት በሚፈጅበት ዘመን የንጉሥን ልጅ ከሌላው የሚለየው የአፍ ምስክርነት ብቻ ነበር።

ከጸጋ ክርስቶስ ሞት በኋላ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ታሪኩን በጥርጣሬ ነው ያየው። ሉዶልፍ ስለ አገራችን የሚያውቀውን አብዛኛውን ያገኘው ከመካነ ሥላሴው ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ነበር። በቅርብ ዓመታት የወጣቱን ዱካ በአውሮፓ ማኅደሮች የተከተለው የታሪክ ምሁር ማቴዮ ሳልቫዶሬም የዙፋን ወራሽነቱን አይቀበልም። የእነዚህ ሰዎች ማስረጃ የሚያሳምን ነው። ጸጋ ክርስቶስ የያዕቆብ ልጅ አልነበረም ብሎ ማመን ከባድ አይደለም።

ግን እዚህ ላይ «አጭበርባሪ» ብሎ መዝገቡን መዝጋት መቸኮል ነው። የንጉሥ ልጅ ካልነበረ ማን ነበር? ፊደል ያውቃል፤ ይህ በዚያ ዘመን በካህናት ወይም በመኳንንት አካባቢ ማደግን ይጠይቃል። ስለ አገሩ ፖለቲካ ሮምን የሚያሳምን ያህል ያውቃል። በካይሮ፣ በሮም፣ በቶሪኖና በፓሪስ ሹማምንት ፊት ቆሞ ራሱን አስከብሯል። የሕይወት ታሪኩን ጽፏል፤ በአውሮፓ ቋንቋ ከታተሙ የአፍሪካውያን የራስ ታሪኮች መካከል ከቀደምቶቹ የሚቆጠር ነው። አንድ ስደተኛ በባዕድ አገር በሕይወት ለመኖር የትኛው ማንነት በር እንደሚያስከፍት አውቆ ያንን ለበሰ፤ ከልብሱ ሥር የነበረው ሰው ግን እስከ ዛሬ ስም የለውም። የደብተራ ልጅ ይሁን፣ የተሸነፈ መኰንን ዘመድ ይሁን፣ ሥዕሏ አትነግረንም።

ሥዕል ይህን ሊመልስ እንደማይችል የታወቀ ነው። የሥዕል ተመራማሪዎች ሥራ እንደ ፖሊስ ምርመራ ያለ ነው። ሥዕሉ ከማን እጅ ወደ ማን እንደተላለፈ ይከታተላሉ፤ ጀርባውንና ፍሬሙን ይፈትሻሉ፤ የአንገትጌው ፋሽን በየትኛው ዓመት እንደነበር ያነጻጽራሉ፤ የቀለሙን ዓይነት ይመረምራሉ። በዚህ ሁሉ የሚደርሱበት ጊዜን፣ ቦታንና ሠዓሊን ነው። ስሙን የሚሰጠው ግን ሁልጊዜ ጽሑፍ ነው። ፊት ብቻውን ስም አይናገርም።

ይህን ችላ ማለት ምን እንደሚያስከትል በእንግሊዝ ኤክሰተር ሙዚየም ያለው ሥዕል ያሳያል። በ18ኛው መቶ ዘመን የተሣለ ቀይ ኮት የለበሰ ጥቁር ሰው ነው። ለብዙ ዓመታት «ኦላውዳ ኤኩያኖ» እየተባለ በመጽሐፍ ሽፋንና በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ወጣ። ኤኩያኖ ከባርነት ወጥቶ በ1789 የሕይወት ታሪኩን ያሳተመ ታላቅ ሰው ነው። ምሁራን ግን መለስ ብለው ሲያዩ ያንን ስም የሚደግፍ አንድም ማስረጃ አላገኙም። ዛሬ ሥዕሉ የሚጠራው በደፈናው «የአፍሪካዊ ምስል» ተብሎ ነው። ኤኩያኖ ራሱ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ያወጣው ምስል እያለ፣ ሕዝቡ የለመደው የሌላ ሰው ፊት ሆኖ ቆየ።

የኢትዮጵያም ነገሥታት ከዚህ አላመለጡም። በፍሎረንስ ኡፊዚ ሙዚየም የዐፄ ልብነ ድንግል ምስል ተሰቅሏል። የሣለው ክሪስቶፋኖ ዴላልቲሲሞ ሥራውን የጀመረው በ1552 ነው፤ ንጉሡ ደግሞ ያረፉት በ1540። ሠዓሊው ኢትዮጵያን አላየም፤ ኮሞ ከተማ ውስጥ ከነበረ የፓኦሎ ጆቪዮ የሥዕል ስብስብ እየገለበጠ ነበር። በዚህኛው ስሙ ርግጥ ነው፤ ፊቱ ነው የሚያጠራጥረው። የጋርዞኒ ሥዕል የዚህ ተቃራኒ ናት፤ ፊቱን ማመን ይቻላል፤ ስሙን ግን አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ ወደ ነቀምትና ወደ ሌሎቹ የወለጋ ከተሞች መምጣት ሩቅ መንገድ ሊመስል ይችላል። አይደለም። ከነቀምት ወደ ጊምቢ የሚሄድ መንገደኛ የሚሻገረው ዲዴሳ ወንዝ ወደ ላይ ሲሄዱበት የቀድሞዋን የጉማን መንግሥት ይዞራል። በ1830ዎቹ ከዚያች ምድር በጦርነት ተማርካ የተሸጠች አንዲት የኦሮሞ ልጅ ነበረች። ስሟ ቢሊሌ ይባል እንደነበር ይነገራል። በ1837 ካይሮ ላይ የጀርመኑ መስፍን ሄርማን ፎን ፑክለር ሙስካው ገዛት፤ «ማህቡባ» ብሎም ጠራት። በአባይ ላይ ወደ ሱዳን፣ ከዚያ ወደ ፍልስጥኤምና ሶርያ፣ በቁስጥንጥንያና በቪየና አልፎ ወደ ርስቱ ይዟት ሄደ። በጥቅምት 1840 ሙስካው ላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። መቃብሯ በዚያው ነው። ጀርመኖች «የአቢሲንያ ልዕልት» እያሉ ተረት ሠሩላት።

በብራኒትስ የፑክለር ቤተ መንግሥት ሙዚየም ውስጥ በ1840 አካባቢ የተሣለ የዘይት ቀለም ምስሏ አለ። የሣለው ሰው አይታወቅም። ከጸጋ ክርስቶስ የሚለያት ትልቅ ነገር አለ፤ እሱ ስለ ራሱ የተረከውን ራሱ መርጦ ተረከ። ስለ እሷ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ግን የመጣው ከገዛት ሰው ብዕር ነው። ልዕልትነቱንም ሌሎች አለበሷት። በሥዕሉ ላይ ያለችው ልጅ የማን ልጅ፣ የየትኛው ጎሳ፣ የየትኛው መንደር እንደነበረች ከእናቷ አፍ የሰማ ሰው ቢኖር ኖሮ ታሪኳ ሌላ በሆነ ነበር።

የዚያ ዘመን የምዕራብ ንግድ መንገድ በወለጋ ያልፍ ነበር። የጊቤ መንግሥታት ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና የተማረኩ ሰዎች በጉድሩ ወደሚገኘው የአሰንዳቦ ገበያ ይደርሱ ነበር፤ ከዚያም አባይን ተሻግረው ወደ ጎጃሙ ባሶ፣ ወደ ጎንደርና ወደ መተማ ይቀጥላሉ። በዚህ መንገድ ከሄዱት እጅግ ብዙዎች ፊታቸውም ስማቸውም አልቀረም። ጥቂቶቹ ግን ስማቸው ተቀይሮ ቀርቷል። ጋናሜ የምትባል የኦሮሞ ልጅ በጀርመን «ፓውሊን ፋትሜ» ሆና በ1855 በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ሞተች። ታሪኳ በአካባቢው በነበረው በቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ተቋም ሰዎች ልብ ውስጥ ለኦሮሞ ሕዝብ የመሥራትን ሐሳብ እንዳነሣሣ ይነገራል። በዚያው በክሪሾና በ1899 የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። ተርጓሚው በልጅነቱ ሂካ ይባል የነበረ፣ ተሸጦ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። አብራው የለፋችው አስቴር ጋኖም በባርነት ስትጓጓዝ ከመርከብ ላይ ነፃ የወጣች ነበረች። ኦነሲሞስ በ1904 ወደ ነቀምት መጣ፤ በዚሁ አገር በ1931 አረፈ። አስቴርም ዕድሜዋን በነቀምት ጨርሳ በ1964 አረፈች። የሁለቱም ፎቶግራፍ ተርፏል፤ ማን ማን እንደሆነም እናውቃለን። አብረዋቸው የሠሩት የስዊድን ሚስዮናውያን የስም መዝገብ ይይዙ ስለነበር ነው።

የስም መቀየር በቤተ መንግሥትም ነበረ። የነቀምቱ ባላባት የሞረዳ በከሬ ልጅ ኩምሳ፣ ክርስትና ሲነሣ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ። ቤተ መንግሥቱን ዛሬም ሰው «የኩምሳ ሞረዳ» ይለዋል፤ በመንግሥት ደብዳቤዎች ውስጥ ግን ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ናቸው። ሁለቱን ስም የማያውቅ የሩቅ አንባቢ ሁለት ሰዎች ይመስሉታል። በወለጋ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ የኦሮሞ ስም፣ የክርስትና ስም፣ አንዳንዴም የፈረስ ስም ያለው አያት መኖሩ የተለመደ ነው። ስለዚህ ፎቶ ላይ አንድ ስም ብቻ መጻፍ አይበቃም።

ፎቶዎቹ ደግሞ አሉ። በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በደምቢዶሎ፣ በሻምቡ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ጠርዛቸው የተጠማዘዘ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ይገኛሉ፦ ካባ የለበሱ ሽማግሌ፣ ወንበር ይዛ የቆመች ሙሽራ፣ የትምህርት ቤት ጓደኞች በተርታ። ስማቸውን የሚያውቁት የሰማንያና የዘጠና ዓመት ሰዎች ናቸው። የእነሱ ልጆች ግማሹን ያውቃሉ፤ የልጅ ልጆቹ አንዱንም አያውቁም። የጋርዞኒ ሥዕል ማን እንደሆነ ለማወቅ የሮምና የቶሪኖ ማኅደር ነበር። ለእነዚህ ግን ከአያትየው ትዝታ ሌላ ማኅደር የለም።

የሚደረገው ነገር ቀላል ነው፤ ቢሆንም በጊዜው መደረግ አለበት። በፎቶው ጀርባ በስክሪብቶ አይጻፍም፤ ይጫናል፣ ቀለሙም ወደ ፊት ይወጣል። ለስላሳ እርሳስ ይሻላል፤ በጠርዙ በኩል፣ በቀስታ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም ካለ ይጠበቃል፤ ዓመትና ከተማ የሚገኘው ከዚያ ነውና። ፎቶው ላይ ፕላስተር አይለጠፍም። ፊቱም ጀርባውም በስልክ ይነሣል። ለመስቀል ወይም ለገና ቤተ ሰብ ሲሰበሰብ ሣጥኑ ይከፈትና አያት ከግራ ወደ ቀኝ ስማቸውን ሲጠሩ ድምፃቸው ይቀዳል፤ የኦሮሞ ስሙ፣ የክርስትና ስሙ፣ የማን ልጅ፣ የየት ሰው፣ ፎቶው ለምን እንደተነሣ። ሁለት ዘመዶች በአንድ ፊት ላይ ሁለት ስም ከጠሩ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አያስፈልግም። ሁለቱም ይጻፋሉ፤ የትኛውን ማን እንዳለውም ከጎኑ ይሰፍራል።